የትራስ ሥር አገር

ልጅቷን ትኩሳት ይዟታል። ሉባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ዳሰሰችና የት ጋ እንደሚያማት ጠየቀቻት። ኑሪያ «ጉሮሮዬን» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

ሉባባ ጉሮሮዋን ልታሳያት የፈለገች መስሏት ጎንበስ ብላ አየች። ልጅቷ ግን የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ምላሷን ወደ ታችኛው ከንፈሯ ገፋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። ተጠየቀች፣ መለሰች፣ መልሷም ትክክል ነው፤ እንግዲህ ጠብታው መምጣት አለበት። ሲዘገይባት አንድ ዓይኗን ገልጣ እናቷን ታዘበቻት።

ሉባባ እንዲህ የተከፈተ አፍ ስታይ ነው የምትውለው፤ የእንጀራዋ ነገር ስለ ሆነ ችላዋለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ ከአብራኳ የወጣች ልጅ እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ከፍታ ስትጠብቃት ግን ማቅለሽለሹን መመለስ አቃታት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ምራቋን ዋጠች። ከዚያ በልጇ በመጸየፏ አፍራ፣ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥታ በማንኪያ አጠጣቻት። ኑሪያ ውሃውን ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች። አይጣፍጥም።

ሉባባ የምትሠራው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለው አጸደ ምላሽ ነው። ሕዝቡ «ምላሽ ቤት» ይለዋል። ሕፃናቱ ጡት ከተዉ ጀምሮ የሚውሉት እዚያ ነው። በክብ በክብ በተደረደሩ ለስላሳ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ወንበር አንድ ቀጭን ክንድ ወጥቶ በልጁ ጉንጭ አጠገብ ይቆማል። ወንበሩ ይጠይቃል፤ ይህ ቀለም ምንድን ነው፣ ይህ ቅርጽ ምንድን ነው፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ነው። ልጁ በትክክል ሲመልስ ክንዱ ምላሱ ላይ አንዲት ቢጫ ጠብታ ይጥላል። እንደ ሙጫ የሚሳብ፣ ቶሎ የማይሟሟ ነገር ነው። ሲሳሳት ወይም ዝም ሲል ምንም የለም፤ ክንዱ ፊቱን ወደ ጎረቤት ያዞራል። ልጅ አይመታም፣ አይሰደብም። ጉብኝት የሚመጡ ሰዎች ሁሉ የሚያደንቁት ይህንን ነው።

የሉባባ ሥራ አፍ መጥረግ ነው። ወረቀቱ ላይ የንጽሕና ረዳት ይባላል፤ እርስ በርሳቸው ግን አፍ ጠራጊ ነው የሚባባሉት። ጠብታው ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ በአገጭ ይወርዳል፤ አንገት ሥር ገብቶ ይደርቃል፤ ካልተጠረገ ቆዳ ይልጣል። ፎጣው ረፋድ ላይ እንደ ቁርበት ይደርቃል። አዳራሹ የተቃጠለ ስኳርና የቆየ ምራቅ ይሸታል፤ ሽታው ጥፍር ሥር ገብቶ ከሠራተኛው ጋር እስከ ቤቱ ይሄዳል። እዚያ ሥራ ከገባች ጀምሮ ሉባባ ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።

የጨዋታ ሰዓትም አለ። ምላሽ ቤት ጨዋታን አልከለከለም፤ እንዲያውም ጨዋታ ለሕፃን አእምሮ ያለው ጥቅም በመግቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። አሻንጉሊቷ ስትታቀፍ ጣቶቿ ስንት እንደ ሆኑ ትጠይቃለች። ኳሱ ከመንከባለሉ በፊት ቅርጹን ያስጠራል። ዝም የሚል መጫወቻ የለም። አንድ ቀን አንድ ጥገና ሠራተኛ የጣለውን የለስላሳ ቆርኪ አንዱ ልጅ ምንጣፉ ላይ አገኘው። አገላበጠው። ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው። ምላሱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። በመጨረሻ ይዞት ወደ ሉባባ መጣና፣ «ተበላሽቷል» አላት።

አብራት የምትሠራው እትዬ ዘርፌ፣ ወገቧን የሚያማት፣ አፏ ግን የማያርፍ ሴት፣ ይህን ሰምታ ስትስቅ ዋለች። «አይፈረድበት፤ ሳይጠይቅ የሚኖር ፍጥረት የት አይቶ ያውቃል?» አለች። ሉባባ ከእሷ ጋር መሳቅ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ ተወችው።

ኑሪያ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። አራት የሞላው ልጅ መዛኝ ፊት ይቀርባል። ያለፈ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ማታ ማታም ቤቱ ይገባል። ያላለፈ ቆላ ወዳለው ማደሪያ ይላካል፤ ወላጆቹ የሚያዩት በበዓል በበዓል ነው። ይህን ቅጣት ብሎ የሚጠራው የለም፤ ተጨማሪ ድጋፍ ነው የሚባለው። ኑሪያ ደግሞ ከመመለሷ በፊት ታመነታለች። ወንበሩ ማመንታት አይወድም። ሉባባ ልጇ ያለችበትን ረድፍ ስትጠርግ ክንዱ ከኑሪያ ፊት ወደ ጎረቤቷ ሲዞር ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ባየች ቁጥር የዚያ የቆላ ማደሪያ ደጅ ይታያታል።

ባሏ ይማም ሾፌር የሌላቸውን የጭነት መኪኖች ከአንድ ክፍል ሆኖ የሚጠብቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አብሽሪ ይላታል። ቤት ያሉትን ጠያቂ መጫወቻዎች እንዳታጠፋቸው፣ ልጅቷን ከእራት በፊትና በኋላ እንድታለማምዳት ይነግራታል። ሉባባ ስለ አፍ መክፈቱ አንድ ጊዜ ልትነግረው ሞክራ ነበር። የሰው ልጅ ጣፋጭ ቢወድ ምን ነውር አለው ብሎ ከልቡ ተገረመ። እሷም ደግማ አላነሳችው።

አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ ጠፋ። መጫወቻዎቹ ዝም አሉ። ኑሪያ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ነቀነቀቻቸው፤ አሻንጉሊቷን ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ጠበቀች። አላለቀሰችም። አልተነጫነጨችም። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሽማግሌ ተቀምጣ ቀረች።

ሉባባ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ይህን አቀማመጥ ማየት አስጠላት፤ ዝም ለማለትም አልቻለችም።

«እንቆቅልሽ» አለቻት።

ኑሪያ ቀና ብላ አየቻት።

«ምን አውቅልሽ በይኝ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«ሲርበው ይጮሃል፣ ሲጠግብ ዝም ይላል።»

ልጅቷ አሰበች። ከንፈሯን ነከሰች። በመጨረሻ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አላውቅም አለችና፣ ክንዱ ዘወር የሚልበትን አቅጣጫ የምታይ ይመስል ዓይኗን ወደ ጎን አደረገች።

«ካላወቅሽማ አገር ስጪኝ» አለች ሉባባ።

ኑሪያ አልገባትም። ሉባባ የታጠፈውን ልብስ ትታ አስረዳቻት። ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል፤ የጠየቀው ሰው አገሩ ገብቶ እንደ ልቡ ይሆናል፤ ከዚያ መልሱን ይናገራል። እሷ ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ በእንቆቅልሽ የወሎን ከተሞች አንድ በአንድ ወስዶባት ነበር፤ ደሴን ሁለቴ ነው የወሰደው። ኑሪያ ይህን ሁሉ በጥርጣሬ ሰማች። ከዚያ የምታውቀውን ብቸኛ አገር፣ ኮምቦልቻን፣ ሰጠቻት።

ሉባባ ተነሥታ ቆመች። ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ ባለ ርስት ተጎማለለች።

«ኮምቦልቻ ገብቼ ምን አጥቼ፤ ቦርከናን በማንኪያ ጠጥቼ፣ ፎቁን እንደ ሸንኮራ አኝኬ፣ ልጣጩን ላንቺ ልኬ!»

ኑሪያ ሳቀች። ሉባባ ይህን ሳቅ አታውቀውም ነበር፤ ከሆድ የሚመጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ምንም የማይጠብቅ ሳቅ ነው። መልሱ ጀሪካን ነው፣ ውሃ ሲቀዳበት አይጮህም? ብትላትም ልጅቷ መልሱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሌላ ጠይቂኝ አለቻት። ሌላ ጠየቀቻት። ኑሪያ ማወቅ አልፈለገችም፤ ለማሰብ እንኳ ሳትሞክር አላወቅሁም ትልና አገር ትፈልጋለች። ደሴን ሰጠች፣ ሐርቡን ሰጠች፣ ከእናቷ የሰማቻቸውን ሁሉ ሰጥታ ጨረሰች። የምትሰጠው ስታጣ ወደ አልጋው ዞረች።

«የትራስ ሥር አገርን ሰጠሁሽ» አለች።

እንዲህ ያለ አገር ሉባባም አታውቅም። ምን ይገኝበታል አለቻት። ኑሪያ ነገረቻት፤ ከመልስ ይልቅ ወሬ ነበር፣ እየተደናቀፈ፣ እየተመለሰ የሚሄድ። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ንጉሡ ካልሲ ነው፤ ወንድሙ ጠፍቶበት ብቻውን ነው የነገሠው። ላይ ሰው ሲያለቅስ እዚያ ይዘንባል። ከዝናቡ የሚጠለሉባት አንዲት ትንሽ መንደር አለች፤ ስሟ ጢቢቢ ነው። ኑሪያ ይህን ካለች በኋላ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ፣ አገሩን ሁሉ ውሰጂ፣ ጢቢቢን ግን ለእኔ ተዪልኝ፣ ለማንም አትንገሪ አለቻት። ሉባባ እሺ አለች። ላይ የሚያለቅሰው ማን እንደ ሆነ ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር፤ አልጠየቀችም። ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትናገር አፏን አንድ ጊዜም ከፍታ አልጠበቀችም።

ኔትወርኩ ሲመለስ መጫወቻዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጠየቅ ጀመሩ። ኑሪያ አሻንጉሊቷን ፍራሽ ሥር ወትፋ ተቀመጠችባት።

የምዘናው ቀን ወላጆች ከኋላ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ተቀመጡ። ጥያቄውን የሚጠይቀው ወንበሩ ነው፤ መዛኙ አቶ ገረመው ጎን ላይ ሆኖ ይመለከታል። ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ የለሰለሰ፣ ለልጆች ፈገግ የሚል ሰው ነው። ከንፈሩን በምላሱ የማርጠብ ልማድ አለው። ይማም ከሥራ አስፈቅዶ መጥቶ ነበር፤ የሉባባን እጅ ይዞ ልጁ በመለሰች ቁጥር ይጨብጠዋል።

ኑሪያ ጥቂት መለሰች። ጠብታ ተቀበለች። ከዚያ ወንበሩ ድልድይ ከምን እንደሚሠራ ጠየቃት፤ ልጅቷ ዝም አለች። ክንዱ መዞር ጀመረ። የይማም እጅ ላላ።

«አላወቅሁም» አለች ኑሪያ፤ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «አገር ልስጥህ።»

ወንበሩ ጥያቄውን ደገመ።

«የትራስ ሥር አገርን ሰጠሁህ።»

ከወላጆቹ መሐል የሆነ ሰው አጉረመረመ። ሉባባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለአንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ምሕረት አለ ይባላል፤ ምዘና ላይ ለወንበር እንቆቅልሽ ለተጫወተች ልጅ ግን ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም፤ ያደረገ የለምና። አቶ ገረመው እጁን አንሥቶ ወንበሩን አስቆመው። ወደ ኑሪያ ሄዶ ተንበረከከ። ልጅ ሳለ አክስቱ እንዲህ ታጫውተው እንደ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሰምቶት እንደማያውቅ ነገራት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፣ የውነት እንባ። በአገሯ ምን እንዳለ ጠየቃት። ኑሪያ ካልሲ ነው ንጉሡ አለች፤ ከዚያ ዝም ብላ እናቷን ፈለገች።

«እናት፣ ወደዚህ ይምጡ እስቲ» አለ አቶ ገረመው። «እርስዎ ነዎት ያስተማሯት?»

ሉባባ አለቆች ፊት ከ«እሺ» ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ያን ቀን ግን ልጇ አለመላኳን ከሰውዬው ፊት አነበበችና ደስታው አፏን ፈታው። እንቆቅልሹን ነገረችው። አገር አሰጣጡን፣ አገር ገብቶ መፎከሩን ነገረችው። ስለ ተኝተው ስለሚሄዱት ሰዎች፣ ስለ ዝናቡ ነገረችው። እሱ ከንፈሩን እያረጠበ፣ «እሺ፣ እሺ፣ ሌላስ?» ይላል፤ በተጠየቀች ቁጥር ሌላ ይመጣላታል። ኑሪያ ቀሚሷን ጎተተቻት። ልጅቷን መቆም ሰልችቷታል ብላ ሉባባ እጇን ያዘችና፣ ጢቢቢ የምትባል መንደርም አለች አለችው።

ኑሪያ አለፈች። በከፍተኛ ምስጋና ነው ያለፈችው። አፍ ጠራጊዋ እናቷም ለማበረታቻ ከልጇ ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ ተዛወረች። ያን ዕለት ይማም ክሬም የተከመረበት ኬክ ገዝቶ ገባ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ተበላ። ሉባባ የደረሳትን ቁራሽ አፏ ውስጥ ይዛ ብዙ ቆየች። ሰው ሲያያት ዋጠችው።

ክረምቱ አልፎ ምላሽ ቤት ሲከፈት ወንበሮቹ ታድሰው ነበር። ሉባባ የመጀመሪያውን ረድፍ እየጠረገች ሳለ ነው የሰማችው።

«እንቆቅልሽ» አለ ወንበሩ።

«ምን አውቅልህ» አሉ ልጆቹ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሲርበው ይጮሃል፣ ሲጠግብ ዝም ይላል። ጀሪካን ብሎ የመለሰ ጠብታ አገኘ። ቀጥሎ ወንበሩ አገር ስጡኝ አለ። የመጀመሪያ ቀን አንዳንዱ ደሴ አለ፣ አንዳንዱ የአያቱን ቤት ጠራ፤ ክንዱ ከፊታቸው ዞረ። ትክክለኛው መልስ የትራስ ሥር ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም አወቁት። ንጉሡ ማን ነው? ካልሲ። ዝናብ መቼ ይዘንባል? ሰው ሲያለቅስ። የመንደሯ ስም ማን ይባላል? ጢቢቢ፣ ይላል አዳራሹ፤ ጢቢቢ ብሎ አፉን ይከፍታል፣ ቢጫው ይወርዳል። «ቢ» ሲሉ ከንፈራቸው ስለሚገጥም ምራቁ ከቀድሞው ይበልጥ ይፈናጠቃል። ሉባባ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች ትሠራ ነበር። አንድ ቀን የሠራተኛ መጸዳጃ ቤት ገብታ አስመለሳት።

ፎጣ ልታደርስ ወደ ላይ የወጣችው እትዬ ዘርፌ፣ «ይህን ንጉሥ እኔ አግኝቼው በሳሙና አሽቼ ባሰጣሁት» አለች። ሉባባ አልሳቀችም፤ ነገሩ ከየት እንደ መጣም አልነገረቻትም።

ከላይኛው ፎቅም ወደ ማደሪያው የሚላክ አለ። ደጋግሞ የሚሳሳት ልጅ ወንበሩ ቢጫ ይሆናል፤ ቀይ ከሆነ አለቀ፣ የሚከራከሩት ሰው የለም። ኑሪያ እስከዚያ ድረስ ወንበሯ ነጭ ነበር፤ ቅርጹንም ቀለሙንም ትመልሳለች። አገር ሲጠየቅ ግን ዝም ትላለች፣ ክንዱም ያልፋታል። አንድ ቀን፣ ወደ ቤት መሄጃው ሲደርስ፣ ወንበሩ አላልፋት አለ።

«አገር ስጪኝ።»

«የቁልፍ ቀዳዳ አገርን» አለች ኑሪያ።

ድጋሚ አለ ወንበሩ። ኑሪያ የጃንጥላ ውስጥ አገርን ሰጠችው። ወንበሩ ቢጫ ሆነ። ልጆቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ አንዱ የትራስ ሥር ነው፣ ደደብ አላት። ኑሪያ ዓይኗን ፊት ለፊት ተክላ፣ ማንም የማያውቀው አገር የሚባል ሰጠችው። ቢጫው ወደ ብርቱካን ጠቆረ።

ሉባባ ፎጣዋን ይዛ ሄደች። የሚጠረግ ነገር አልነበረም፤ የልጅቷ አገጭ ደረቅ ነው። አጎንብሳ አገጯን እየጠረገች በጆሮዋ፣ «የትራስ ሥር በይ» አለቻት። «የኔ እመቤት፣ በይ። ይወስዱሻል።»

ኑሪያ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ የትራስ ሥር አለች፣ አፏን ከፈተች፣ ጠብታው ወረደ፣ ወንበሩ ነጣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ኑሪያ አልተናገረችም። ሉባባ ነበረች የምታወራው፤ ስለ እራት፣ አባቷ ዛሬ ቶሎ ስለሚገባ። ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ፣ አንድ ጉንጯን ነፋ አድርጋ ከጎኗ ትሄዳለች። በወንዙ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ሲደርሱ ቆመች፣ ጎንበስ አለችና ተፋች። ጠብታው ነበር። ሳትውጠው፣ ሳትመጠው እስከዚያ ይዛው መጥታለች። ከምራቋ ጋር ቢጫ ክር ሆኖ ከከንፈሯ እስከ መሬት ተንጠለጠለ፤ በእጇ በጠሰችው።

«አውቀው ነበር» አለች።

«ታዲያ ለምን አልመለስሽለትም?»

«የኔ ነዋ።» ክሩ እጇ ላይ ስለ ተጣበቀ አጥሩ ላይ አሸችው። «አንቺ ነሽ የነገርሻቸው።»

ሉባባ አንቺን ላለማጣት ብዬ ነው ልትል አሰበች፤ ልክም ነበር፣ ግማሹ። ፎጣ ፍለጋ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰደደች፤ ሽታው ቀድሞ አፍንጫዋን ሲመታው እጇን ባዶውን መለሰችው።

የተተፋው ነገር ላይ ጉንዳኖች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰልፍ ይዘው መጡ። አንዳንዱ ሙጫው ይዞት እግሩን ያወራጫል። ኑሪያ ቁጢጥ ብላ ታያቸው ጀመር። ቀጭን እንጨት አንሥታ የተያዘውን አንዱን አላቀቀችውና ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው። አንድ ነገር አለችው። የሚቀጥለውን አላቀቀች፤ ለእሱም ሌላ ነገር አለችው፤ ስም ይሁን፣ መንገድ ማሳየት ይሁን፣ ከላይ ሆኖ አይለይም።

ሉባባ ለመስማት ጎንበስ አለች። ኑሪያ ጥላው ሲያርፍባት ዝም አለች። ከዚያ እጇን በአፏ ዙሪያ ከልላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወሬዋን ከጉንዳኖቹ ጋር ቀጠለች።

እናትየዋ ቀና ብላ ጥቂት እርምጃ ራቀች። ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ፣ ልጅቷ እስክትጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀቻት።